ተክ ተክ፣ ሽክ ሽክ፣ ዱም ዱም፦ የቱ የሞተር ጤና ነው፣ የቱ ሕመም?

ሰላም የሐረጎ መንገደኞች። ቤቴ ደሴ፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ጠዋት ሐረጎን ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ። መኪናዬ ባለ 1300 ያሪስ ናት፤ ቤንዚን፣ በእጅ ማርሽ፣ 2003 ሞዴል። ሁለት ዓይነት ድምፅ ማሰማት ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆናት። አንደኛው ጠዋት ስትነሳ ከኮፈኑ ሥር ተክ ተክ ተክ የሚለው ነው፤ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ሁለተኛው ማታ አራት ሰው ጭኜ ሽቅብ ስወጣ፣ ነዳጅ ስረግጥ ብቻ ይመጣል፤ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ ሲንኳኳ እንደሚሰማው ሽክ ሽክ ይላል። ለአንድ መካኒክ አሳየሁ። ኮፈን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አዳመጠና ቢየላ (የሞተሩ የውስጥ ክንድ) ነው፣ ሞተር ይወርዳል አለኝ። የነገረኝ ሒሳብ የአራት ወር ደመወዜን ይበልጣል። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ሞተር ምን ሲያሰማ ጤነኛ ነው? ምን ሲያሰማ ልደንግጥ? ደግሞስ ጆሮ ብቻውን ይበቃል?

ይህን ጥያቄ እዚህ ከለጠፍኩ ሳምንት አለፈኝ። 26 ምላሽ መጣ፤ ግማሹ በድምፅ መልእክት፣ ሌላው በጽሑፍ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ እየጠየቀ ስላስቸገረ የምልልሱን ክር በራሴ አፍ ልተርከው። ስም አልጠራም፣ የምላሹ ቁጥር ይበቃል።

1ኛው ሰው ወሎዬ መሆኑ ከመጀመሪያው ቃል ያስታውቃል፤ በአብሽር ጀመረ። ስለ ድምፅ ከማውራታችን በፊት መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ እንዳይ መከረኝ። መዘዝኩት። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ሒሳብ ስመረምር የምውል ሰው ነኝ፤ የራሴን ዘይት ሳልቆጥር ወራት አልፈዋል። ሞላሁት። ተክተክታው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

2ኛው ጡረታ የወጡ ከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ የባቲንና የሚሌን መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመላለሱበት። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንመልስላቸው። የሳቸው ነገር ለየት ያለ ነው፦ የድምፁን ስም አትጠይቁ፣ ሰዓቱን ጠይቁ ባይ ናቸው። ተክ ቢል ዱቅ ቢል ሁሉም ሰው በራሱ ጆሮ ነው የሚሰይመው። ቁም ነገሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው የሚመጣው ወይስ ሲግል? ሸክም ሲበዛ ነው ወይስ ባዶውን? እግር ነዳጁ ላይ ሲያርፍ ነው ወይስ ሲነሳ? በመጨረሻም፣ ከሞተሩ ጋር ነው የሚፈጥነው ወይስ ከጎማው? ለዚህ የመጨረሻው ዘዴ ሰጡ። መኪናውን አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ነዳጅ መስጠት። ቆሞም የሚመጣ ከሆነ ሞተሩ ዘንድ ነው፤ ሲሄድ ብቻ ከሆነ ወደ ጎማ፣ ወደ ኩሽኔታ፣ ወደ ፍሬን ነው የሚኬደው። መሪ ሲጠመዘዝ ብቻ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ይዞ መጥቶ ሞተር ያስወረደ ሰው እንደሚያውቁም ጨመሩ። የዚያን ሰው ኪስ አሰብኩና አዘንኩ።

3ኛው የጤና ድምፆችን ሰበሰበ። ሞተር ጠፍቶ ከቆመ በኋላ ከሥር ትክ… ትክ… የሚለው የጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ነው፤ ጉዳት የለውም። ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ የስፌት መኪና የመሰለ ስስ ድምፅ አላቸው። የአየር ማቀዝቀዣ ሲበራ አንዴ ቀጭ ብሎ የሞተሩ አዟዟር ትንሽ ዝቅ ይልና ይስተካከላል። ከባለ 1000 ቪትዞች ባለ ሦስት ሲሊንደሯ ቆማ ስትንቀጠቀጥ አራት ሲሊንደር ለለመደ ሰው የታመመች ትመስለዋለች፤ ፍጥረቷ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ሻማ የለውም፤ አየሩን ብቻ ጨምቆ በጨመቀበት ግለት ነው ነዳጁን የሚያቃጥለው። የቤንዚኑ መጭመቂያ አሥር ለአንድ አካባቢ ሲሆን የድሮ ናፍጣ ወደ ሃያ ለአንድ ይጠጋል። ስለዚህ ይንኳኳል፤ በደሴ ብርድ ጠዋት ደግሞ ነዳጁ ተረጭቶ እስኪቀጣጠል ስለሚዘገይ ይብስበታል። ሲሞቅ ረገብ ካለ ጤና ነው። እኔ እዚህ ላይ የማራገቢያውን ነገር ልጨምር፦ ሞተር ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው ብቻውን ሲዞር የሰማሁ ቀን መኪናው ያለ ሰው የተነሳ መስሎኝ ከቤት ሮጬ ወጥቻለሁ።

4ኛው ወጣት ባለ ታክሲ ነው። ለሁሉም ድምፅ አንድ መድኃኒት አለው፤ ወፍራም ዘይት። 20 ደብሊው 50 አድርጌ፣ ላዩ ላይ ደግሞ በጠርሙስ የሚሸጠውን ማወፈሪያ ጨምሬ ድምፁን እንድረሳው ነገረኝ።

ከዚህ በኋላ የክሩ ጠባይ ተለወጠ። 5ኛው ሰው ሰላምታም አላስቀደመም። ወፍራም ዘይት ድምፅ ይደብቃል እንጂ አያድንም፤ ይህ የመኪና ደላላ ጥበብ ነው ብሎ ጀመረ። ሞተር በአብዛኛው የሚበላው በሚነሳበት ቅጽበት ነው፤ ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ያድራል፣ ጠዋት ፖምፓው ወደ ላይኛው ባልቦላ (የአየሩና የጭሱ በር) ድረስ እስኪገፋው ብረት ከብረት ይገናኛል። ደሴ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንደ ማር የረጋ ዘይት ስንት ሰከንድ ዘግይቶ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ እንደሚደርስ 4ኛው አስቦ ያውቃል ወይ ሲል ጠየቀ። በዚያ ላይ የኔ ዓይነቱ ሞተር የባልቦላ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ስለሆነ ቀጭን መንገዶች አሉት፤ አምራቹ ቀጭኑን 5 ደብሊው 30 ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ ትክክል ነበር፤ አነጋገሩ ግን ያሳፍር ነበር።

6ኛው ራሱ 4ኛው ነው፣ ተቆጥቶ። ታክሲው በዚያው ዘይት ስንት ዓመት እንደሠራች ቆጠረ፣ የ5ኛውን መኪና ማየት እንደሚፈልግም ተናገረ። ይህን አላረዝመውም። 7ኛው ገብቶ ገላገላቸው፦ ብዙ ኪሎሜትር የሄደ፣ ክፍተቱ የሰፋ ሞተር ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ዘይት አንድ ደረጃ ቢወፍርለት ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ግን የመኪናው መመሪያ ላይ የሙቀት ሠንጠረዥ አለ፣ ከዚያ ሳይወጡ። ማወፈሪያውን ግን እሱም አልደገፈም።

የደላላ ነገር ሲነሳ 8ኛዋ እህት ቁስሏ ተነካ። ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። መኪና የገዛችው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሻጩ አስነስቶ፣ አሙቆ፣ አጥቦ ጠበቃት። ሞተሩ እንደ ሐር ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ከራሷ ግቢ ስታስነሳው ጎረቤት ወጣ። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ላልቶ ጎንና ጎን ይመታል፤ ሲግል ብረቱ ስለሚሰፋ ይጠብና ዝም ይላል። ስለዚህ ማንም መኪና የሚገዛ ሰው ሻጩ ሳያስነሳው በማለዳ ይድረስ፣ መጀመሪያ እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፍ፤ ሞቆ ከጠበቀው ቡናውን ጠጥቶ ይመለስ የሚል ነው ምክሯ። ድምፁ ግን ገና ሲነሳ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ወዲያው ሞተር አይወርድም፤ የሷው ይኸው ሦስተኛ ዓመቷን እየሄደች ነው፤ ዘይት ትጠጣለች እንጂ አልቆመችም።

9ኛው የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጆሮ ላይ ሳይሆን ምት ላይ ነው የሠራው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል እንበል፤ በሰከንድ 13 ጊዜ ማለት ነው። ባልቦላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ ግን የሚዞረው በዚያ ግማሽ ነው፣ በሰከንድ ስድስት ሰባት ጊዜ። ስለዚህ ከላይ ከባልቦላ አካባቢ የሚመጣ ተክተክታ ከታች ከሚመጣው በግማሽ የዘገየ ነው። ማንም በጆሮው 13 መቁጠር አይችልም፤ በስልክ ቀድቶ አዘግይቶ ማዳመጥ ግን ይቻላል። እንዳለው አደረግኩ። ሌሊት ቤተሰብ ተኝቶ ሳለ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ የሞተር ድምፅ ስቆጥር ባለቤቴ ምን እንዳሰበች ባልናገር ይሻላል። የኔ ዘገምተኛው ምት ሆነ። 9ኛው በዚህ ተነስቶ ባልቦላው መስተካከል ፈልጎ ነው፣ ቢየላ አይደለም ብሎ ደመደመ። ደስ አለኝ፤ ግን ቸኩዬ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይመጣል።

10ኛው ማታ ማታ ስለሚመጣው ሽክሽክታ ነው የጻፈው። ፊዚክስ ያስተምራል፤ ያስታውቅበታል። እሳት ጫሪው ካንዴላ ሲተኩስ እሳቱ ከአንድ ጫፍ ተነስቶ በሥርዓት መስፋፋት አለበት። ሙቀትና ግፊት ሲበዛ ግን እሳቱ ያልደረሰበት የመጨረሻው ድብልቅ ራሱ በራሱ ይፈነዳል፤ የግፊቱ ሞገድ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲመታው ያ የጠጠር ድምፅ ይሰማል። ነዳጁ ደካማ ሲሆን፣ ፒስተኑ አናት ላይ ጥላሸት ሲከማች፣ ወይም ደግሞ ከፍ ባለ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቁ ነዳጅ ሲረግጡ ይመጣል። ከፍታውን ያነሳው ነገር ግን ለኔ አዲስ ነበር። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ናት፣ ደሴ 2,500 ግድም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ደሴ ላይ ሞተር ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲተያይ ከአምስት አንድ እጅ የሚሆነው ጉልበቱ የለም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታፈነው አየር ግን ስላነሰ ያ ፍንዳታም ይቀንሳል። ደሴ ላይ ዝም ያለች መኪና ሚሌ ሙቀት ላይ ብትንሽካሽክ አይግረማችሁ ማለቱ ነው። ያኔ ትዝ አለኝ፤ የኔ መኪና የሚብስባት ከኮምቦልቻ እንደወጣሁ የመጀመሪያዎቹ ጥምዝምዞች ላይ ነው፣ ደሴ ልደርስ ስል ይቀንሳል። እኔ ይህን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር፤ መኪናዋ ስለ ደከማት መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር የምነዳት። መፍትሔው በመጀመሪያ በነፃ የሚሞከር ነው፦ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ መቀነስ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭንቀቱ ግን ይቀልለታል።

11ኛው ነዳጅ የሚለውን ቃል ሲያይ ወዲያው የጀሪካን ቤንዚን አመጣ። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውስጥ ላምባ ከተደባለቀ ካንዴላውም ቢቀየር ሽክሽክታው አይለቅም፤ ላምባ ግፊት አይችልም። ይህ ትክክል ነው፤ እኔም ሰልፍ ሲረዝምብኝ ሁለት ጊዜ ከጀሪካን መቅዳቴን እዚህ እናዘዛለሁ። 12ኛው ግን ወደ ሰልፉና ወደ ዋጋው ወሰደን። ስለ ሞተር አንድም ቃል አልነበረውም፤ ሁላችንም የምናውቀውን ብሶት ነው የጻፈው። እንለፈው።

13ኛው ልጅ ፈቃድ ያወጣው በቅርቡ ይመስላል። ከደሴ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ በጣም ይጮህበታል፣ ይሰበራል ብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ እንደሚወርድ፣ ነዳጅም እንደሚቆጥብለት ጻፈ።

14ኛው ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ እንደዚያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ያ ጩኸት ሞተሩ መኪናውን አንቆ ይዞ ሲያወርድ ነው፤ የቁልቁለት ጤናማ ድምፅ ነው። በዜሮ የሚወርድ ሰው ሸክሙን በሙሉ ፍሬን ላይ ይጥላል፤ ፍሬን ሲግል መያዙን ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ ሐረጎ ላይ የሚይዝህ ገደሉ ብቻ ነው አሉት። 10ኛው ከሥር ገብቶ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውንም አፈረሰው። የዘመኑ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ኢንጀክተሩ ጨርሶ ይዘጋል፤ በዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መርጨት አለበት። ልጁ አመሰገነ። የልጁ እናትም ጋሼን የምታመሰግናቸው ይመስለኛል።

15ኛው የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ የናፍጣን ሕመም ይዞ መጣ። ከወትሮው መንኳኳት በላይ አንድ ዱቅ ዱቅ ከተጨመረ ብዙ ጊዜ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ነው፤ በደንብ ሳይረጭ ያንጠባጥባል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የኖዝሎቹን ቱቦ አንድ በአንድ ትንሽ ማላላት ነው፤ ድምፁ የጠፋበት ያ ነው የታመመው። እሱ እንዲህ እያደረገ ሲሠራ ነው የኖረው።

የክሩ ከባዱ ጽሑፍ 16ኛው ነው። ሰውዬው ሙሉውን በቁጣ ነው የጻፈው፣ ግን ለአንድ ሰው እጅ ብሎ ነው። 15ኛው ያለው ለድሮ ፖምፓ ብቻ ይሠራል። እንደ ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ ያሉት፣ ነዳጁን በአንድ የጋራ ቱቦ ጨምቀው የሚይዙት ሞተሮች ከ1,000 ባር በላይ ግፊት አላቸው። ሞተሩ እየሠራ ያንን ቱቦ ያላላ ሰው ናፍጣው ቆዳውን በስቶ ይገባል። ሲታይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ናት፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላታም ትችላለች፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ሥጋውን ትገድላለች፣ ጣት እስከ ማስቆረጥ ትደርሳለች። ያጋጠመው ሰው ነገ ይሻለኛል ሳይል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ናፍጣ በግፊት መግባቱንም ይናገር። እነዚህ ሞተሮች በኮምፒውተር ነው የሚመረመሩት። እባካችሁ 15ኛውን ያነበበ ሁሉ 16ኛውን ሳያነብ አይውጣ።

17ኛው የ15ኛው መልስ ነው፤ አልተከራከረም። የሱ መኪና የድሮው እንደሆነች፣ ያንን ሳይጽፍ መቅረቱ ጥፋቱ እንደሆነ ተናገረ። በዚያው አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የቱርቦን ነገር ነገረን፦ ሽቅብ ሲወጣ ስስ ፉጨት ጤና ነው፤ እንደ አምቡላንስ ማልቀስ ከጀመረ ግን ኩሽኔታው እያለቀ ነው። ዳገት ጨርሶ ወዲያው ሞተር ማጥፋትም ቱርቦውን ይገድለዋል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይተንፍስ።

18ኛዋ የዋህ ጥያቄ ጠየቀች። ሁላችንም ቢየላ ቢየላ እያልን ነው፤ ለመሆኑ ቢየላ ምንድን ነው? ለስንታችን መልስ እንደሆነላት ከታች ከመጣው ምስጋና ብዛት ገባኝ። 19ኛው እንደገና ጋሼ ናቸው። ቢየላ ፒስተኑን ከታች ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። በክንዱና በዘንጉ መካከል ብሮንዝ የምንለው ስስ ሽፋንና የዘይት ንጣፍ አለ። ያ ሲበላ ክፍተት ይፈጠርና ክንዱ በዞረ ቁጥር ይመታል። ድምፁ ሽክ ሽክ አይደለም፤ ከወለል ሥር በመዶሻ እንጨት እንደ መምታት ወፍራም ዱም ዱም ነው። ዘይት ሲግል ስለሚቀጥን ቢየላ ሲግል ይብሳል እንጂ አይጠፋም። ሞተሩን ወደ 2,500 ዙር ከፍ አድርጎ እግርን ድንገት ማንሳት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ከተንደቀደቀ፣ የዘይቱ መብራትም ብልጭ ካለ፣ ያ ሰው መኪናውን አይንዳ፣ ያስጎትት። ክንዱ ከተበጠሰ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ነው የሚወጣው።

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ጣሊያን ተንሸራተተ፤ ጥፋቱ የኔም ነው፣ ቃሉ ከየት መጣ ብዬ ስለጠየቅኩ። ይህን መንገድ ጣሊያን ሲዘረጋ ጋራዡንም ቃሉንም ጥሎልን ሄደ። ካንዴላ ሻማ ነው። ቴስታታ ራስ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ፍሪሲዮን ፍትጊያ ማለት ነው። የጭስ ድምፅ ማፈኛውን የምንጠራበት ማርሚታ ደግሞ ድስት ነው፤ ከኋላችን ድስት አንጠልጥለን ነው ለካ የምንሄደው።

20ኛው የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ነው፤ እንዲህ ያለ ክር ላይ አንድ አይጠፋም። በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ነገሩ የታወቀ እንደሆነ፣ እሱ ሐረጎን ሲወርድ ባትሪው እንደሚሞላለት፣ እኛ ድምፅ ስንቆጥር እሱ ቁርኣን እያዳመጠ እንደሚገባ ጻፈ። 21ኛው ሳይውል ሳያድር መለሰለት፦ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ (በእግር መጋጠሚያዎች ውስጥ ያለው ማስገቢያ) እና ጎማ ኤሌክትሪክም ላይ አሉ፤ እንዲያውም ሞተሩ ዝም ስላለ የነሱ ድምፅ ጎልቶ ነው የሚሰማው። ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለም ያሉንን አሮጌ ሞተሮች ከቀድሞው ይልቅ ማዳመጥ አለብን። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቅናቴን ግን አልደብቅም።

22ኛውን ሳይ ልቤ ደነገጠ። ሞተር ይወርዳል ያለኝ መካኒክ ነው። ማን እንደሆነ ሌላው አላወቀም፣ እኔ ግን ከነገሩ አካሄድ ለየሁት፤ እሱም እንዳወቅኩት ያውቃል። ስድብ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በጨዋ ቃል አስረዳ። ዳገት ላይ ሸክም ሲኖር ይመታል ብሎ የመጣ ደንበኛ ሲያጋጥመው መካኒክ መጀመሪያ የሚፈራው ቢየላን ነው፤ ቀላል ነገር ነው ብሎ የሸኘው መኪና መንገድ ላይ ሞተሩ ቢፈነዳ የሚከሰሰው እሱ ነው። ከዚያ የማልረሳውን ጨመረ፦ ለማዳመጥ የሚከፍለው ሰው የለም። ማለዳ መጥቶ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቆ፣ ሐረጎን አብሮ ወጥቶ ቢያዳምጥ ግማሽ ቀን ነው፤ ደንበኛው ግን ብር የሚያወጣው የተፈታ ብረት ሲያይ ነው። አዎ፤ እኔም ያን ቀን ስለማዳመጡ ሳንቲም አልሰጠሁትም፣ አንዳች ነገር እንዲነግረኝ ግን አጣድፌዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እቤቴ መጣ። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ ነው። በየካንዴላው አናት ላይ የተቀመጠውን፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይልና የዚያኑ ሲሊንደር ኢንጀክተር ሶኬት ሞተሩን እያጠፋ፣ አንድ በአንድ እየነቀለ አስነሳው። እየሠራ መንቀል የለበትም፤ ከ20,000 ቮልት በላይ ነው። ሲሊንደሩ ካልተኮሰ ጭነት ስለሌለበት የታመመው ቢየላ ድምፁ ይቀንሳል። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ሲነቀሉ ለውጥ የለም። አራተኛው ሲነቀል ተክተክታው ጠፋ ማለት ይቻላል። ተያየን። እኔ በልቤ የአራት ወር ደመወዜን ደመርኩ።

ውጤቱን ስጽፍ 23ኛ ሆኖ የመጣው 3ኛው ሰው ነው፣ የጤና ድምፅ ሰብሳቢው። ረጋ ብሎ ሦስታችንንም አረመን፣ 9ኛውን ጨምሮ። ከቴስታታው ላይ የጭስ ማውጫው የሚገጠምበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አንድ ቦታ ከተነፈሰ ድምፁ ልክ እንደ ባልቦላ ተክ ተክ ነው። ምቱም ያው ነው፤ አንድ ሲሊንደር ጭሱን የሚያወጣው በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ። ሲሊንደሩ እንዳይተኩስ ሲደረግም ያው ይቀንሳል፤ የሚተነፍሰው የፍንዳታ ጭስ የለማ። ልዩነቱ ብረቱ ሲግል ይሰፋና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ይህ ነው ኮምቦልቻ ስገባ የሚጠፋበት ምክንያት። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ቀዝቃዛው ሞተር እንደተነሳ በወፍራም ጨርቅ ከኋላ የጭስ ማውጫውን አፍ ለጥቂት ሰከንድ ጠበብ ማድረግ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በቀዳዳው ይገፋል፣ ተክተክታው ይጮኻል።

በማግሥቱ ጠዋት መካኒኩ ጨርቅ ይዞ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ጎንበስ ብዬ። ጮኸ። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮውን ፈታው፤ በአራተኛው ሲሊንደር በኩል ጥቁር ጥላሸት በልሳን ቅርጽ ተለጥፎ፣ አንዱ ብሎን ተሰብሮ ሌላው ላልቶ አገኘነው። የተሰበረውን ማውጣት ሰዓት ፈጀ፤ ጓርኒሲዮኑን መቀየር ያን ያህልም አልወሰደ። ለሁለቱ ጠዋት ማዳመጥ ለብቻው ከፈልኩት፤ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር።

24ኛው የኔ ሪፖርት ነው። ተክተክታው ጠፍቷል። ሽክሽክታውን በሦስተኛ ማርሽና ከማደያ በተቀዳ ቤንዚን አስታግሼዋለሁ፤ አልፎ አልፎ የታችኛዎቹ ጥምዝምዞች ላይ ይመጣል፣ ጥላሸቱን የማጽዳቱ ሥራ ይቀረኛል። 5ኛውና 4ኛው ከሥር እንደገና ስለ ዘይት ተጨቃጨቁ፤ 25ኛ ብዬ በአንድነት ቆጥሬዋለሁ።

ችግሩ፣ ያ ተክተክታ ዝም ሲል ከሥሩ ሌላ ድምፅ ተሸፍኖ ኖሯል። ጠዋት ሲነሳ ከቺንጋው (ከሞተሩ ቀበቶ) በኩል ሲርርር ይላል፤ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ትንሽ ዝም ብሎ ይመለሳል። ጻፍኩት። 26ኛው ሆኖ የመጣው 1ኛው ሰው ነው። አብሽር አለና ዘይቱን ዛሬ አይቼው እንደሆነ ጠየቀኝ።